ሁለቴ ሲመታ

«ድምፅ ነው እንዴ ያ? ጡሩምባ ነው እንጂ!» አለች ታላቅየዋ በስልክ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው መጋረጃ የግንብ ግድግዳ የሆነ ይመስል። «አውቶቡስ ላይ ስትጮህ የምትውል ሴት ዛሬ አትሮኖስ ላይ ትውጣ? እኔማ ምን አገባኝ፣ አባ ያመጡትን አባ ይወጡት። እ? … ኧረ ለደንበኞቼ አልነገርኳቸውም! አብራኝ ትኖራለች ነው ያልኩት። እህቴ ናት ብዬ ምን ልጠቀም?» ከመጋረጃው ወዲህ ታናሽየዋ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ ሌላውን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች። እሑድ ነው፣ ገና ጎህ መቅደዱ ነው፤ ሰው ሐሜቱን ቢያንስ ቁርስ ከበላ በኋላ ቢጀምር ምን አለበት? ጫማዋን ቀስ ብላ አጠለቀች፣ የደንብ ልብሷን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈች፣ የትኬት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። ማልቀስ አምሯት ነበር። ግን የመጀመሪያው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ እሷ ናት፣ አውቶቡሱ ደግሞ አልቅሳ እስክትጨርስ አይጠብቃትም።

ቤቱ ያው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የታላቅየዋ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ ግድግዳው ላይ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ቀሚሶች ተንጠልጥለዋል፣ ጠረጴዛው ላይ መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደንበኞች ቁጭ ብለው የሚያገላብጡት የፋሽን መጽሔት። የኋለኛው የታናሽየዋ ነው፤ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ምድጃ፣ አለቀ። ታላቅየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረው ይኖራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታስታምማለች፤ የሽቶ ጠረን ያላቸው ደንበኞች ሊመጡ ሲሉ ግን የትኬት ቆራጭ ኮት ከበሩ ጀርባ ወደ ጓዳ ይገባል። ማን ደነገገው? ማንም። እንዲሁ ሆኖ ቀረ። መንገድ ላይም እንደዚያው ነው። የእህቷ አውቶቡስ ብቅ ሲል ታላቅየዋ ቦርሳዋን ከፍታ አንዳች ነገር የጠፋባት መስላ መበርበር ትጀምራለች፤ አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ የጠፋው ይገኛል፣ እሷም የሚቀጥለውን ትሳፈራለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የእህቷን አውቶቡስ ረግጣ አታውቅም። ትኬት ቆራጯ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ሆዷ ግን ያውቃል።

«ሻይ አፍልቻለሁ» አለች ታላቅየዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፤ ስልኩን ዘግታ ድምፅዋን ቀይራለች።

«ጠጥቻለሁ፣ እትዬ።»

አልጠጣችም። ሁለቱም ያውቃሉ። ታላቅየዋ ልትመለስ ስትል ዓይኗ የእህቷ ኮት እጅጌ ላይ ያረፈች አንዲት ክር ላይ ተተከለ። ልብስ ሰፊ ክር አይቶ አያልፍም፣ በሽታ ነው። ተጠጋች፣ እጅጌውን ያዘች፣ ጎንበስ ብላ ክሯን በጥርሷ በጠስ አደረገችና ተፋቻት። ትኬት ቆራጯ በሩን ከፍታ ወጣች።

ነገሩን ሁሉ ያመጡት የሰፈሩ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዲሱ ቄስ ናቸው። ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ሰውየው ሽበታም፣ አጠር ያሉ፣ ሲሄዱ የሚቸኩሉ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ቄስ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው በላቲን ይቀድሱ ነበር፤ ስምንት ሴት ዘማሪዎች ከላይ ከሰገነቱ በላቲን ይዘምራሉ፤ ከታች ያለው ሕዝብ መቁጠሪያውን ይቆጥራል፣ ያዛጋል፣ ወጡን እሳት ላይ ጥዳ የመጣችው ወጡን ታስባለች። አዲሱ አባ በመጡ በሁለተኛው ወር መሠዊያውን ከግድግዳው አላቀው ወደ ሕዝቡ አመጡት። በአራተኛው ወር ቅዳሴውን ሰው ገበያ ወጥቶ በሚነጋገርበት ቋንቋ ጀመሩት። ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዙረው «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» አሉ። ዝም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያናገረው የለም፣ ምን ብሎ ይመልስ? አባ ጠበቁ፣ ጠበቁና እጃቸውን ዘርግተው «እናንተስ?» አሉ። በሳምንቱም «እናንተስ?» አሉ። እንግዲህ ሰፈሩ ለስም ማውጣት ማን ብሎት፤ «አባ እናንተስ» ሆነው ቀሩ። ቢሰሙም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

አባ እናንተስ ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል በሽተኛ ሊጠይቁ በእሷ አውቶቡስ ይሄዳሉ። ከወር በፊት ከበሩ አጠገብ ቆመው ሲያዩአት ሲያዩአት ቆዩና «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «አንቺ ‹ወራጅ አለ?› ስትይ አውቶቡሱ ሙሉ ‹አለ!› ይልሻል። እኔ ግን ቆሜ ብለምን አራት ሰው አይመልስልኝም። ምን አድርገሻቸው ነው?» እሷም ሳታስበው «እኔማ አባ፣ ካልመለሱልኝ ከፌርማታቸው አሳልፋቸዋለኋ!» አለቻቸው። አባ በሳቅ ፈረሱ፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ምነው እኔም በቻልኩ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቀቅ አላደረጓትም። ራሳቸው የጻፉትን መዝሙር ሰጧት፤ እሷ ከታች፣ ከአትሮኖሱ ላይ፣ ስንኙን ታወጣለች፣ ሕዝቡ አዝማቹን ይቀበላል። ቀላል ነው። ቀላል ያልሆነው ሌላ ነው። ስምንቱ ዘማሪዎች «ከሰገነታችን አንወርድም፣ ከማንም ጋር አንዘምርም» አሉ፤ የስምንቱ አለቃ ደግሞ ማን ሆነችና፣ ታላቅየዋ። ነገሩ የሰበካው ጉባኤ ዘንድ ደረሰ። ጉባኤውም ለአባ አንድ እሑድ ሰጣቸው፦ ዛሬን። ሕዝቡ ከዘመረ ዘመረ፤ ዝም ካለ መዝሙሩ ወደ ሰገነቱ፣ ወደ ላቲኑ ይመለሳል፣ አባም ሁለተኛ እንዳያነሱት።

እሷ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ከዘማሪዎቹ ጋር ልትቆም ወጥታ ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ስታወጣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ ቢባል ውሸት አይደለም። ሁሉም ዞረው አዩአት፤ ያኔ ጎኗ የቆመችው እህቷ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለቻት። አንቀሳቀሰች። በሳምንቱ ወደ ሰገነቱ አልወጣችም፣ የጠየቃትም የለም። እንግዲህ ይህቺ ናት ዛሬ ሕዝብ የምታዘምረው።

አውቶቡሱ ቁርሱን እንዳልበላ ሰው እያጉረመረመ ከማዞሪያው ወጣ። ሾፌሩ አንገቱ ላይ ፎጣ የማይለየው፣ ጡረታው የደረሰ፣ ነገረኛ ሰው ነው፤ እሷን «ጡሩምቤ» ይላታል። ያው ቃል ነው፣ ከእህቷ አፍ ሲወጣ ያቆስላል፣ ከሱ አፍ ሲወጣ ያስቃታል። «እስቲ አንዴ አውጪው፣ ጡሩምቤ! ዛሬ ሳንሰማሽ ሰማይ ቤት ሊሰሙሽ ነው?» አለ። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ የአውቶቡሱን ብረት አንዴ በመዳፏ መታች፤ አንዴ ሲመታ ቁም ነው። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። በሩን ዘጋችና ሁለቴ ጓ ጓ አደረገችው፤ ሁለቴ ሲመታ ሂድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስለመታችው እዚያች ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ የመዳፏን ያህል ብረት ያብረቀርቃል። መዝሙሩን ግን ልታወጣ ብትል ጉሮሮዋ እምቢ አለ። «ጋሼ፣ አይወጣም» አለች። «ምኑ ነው የማይወጣው? ትናንት ያንን ሞተረኛ ስትሰድቢው እስከ ገበያው ተሰምቷል!» አለ ሾፌሩ።

ሁለተኛው ወንበር ላይ ጡረተኛው ፖስተኛ ከዘራውን ጭኖቹ መሃል ተክሎ ተቀምጧል። ዕድሜውን በእግሩ ስለዞረ አሁን የተቀመጠበት ሁሉ ያንቀላፋል፤ ሲነቃ ሁልጊዜ ፌርማታው ያለፈው ይመስለዋል። እሱም የዚያው ሰበካ ሰው ነው። «አትፍሪ፣ ልጄ» አላት ነቃ ብሎ። «እኔ ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ። ሌላው ዝም ቢል እኔ እመልስልሻለሁ። አንድ ሰው ከመለሰ በቃ፣ ሌላው ይከተላል።» ይህ ቃል ልቧን መለሰላት። ሁለት ዙር ሠርታ፣ አውቶቡሱን ለተተኪዋ አስረክባ፣ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለራሷ «አንድ ሰው አለኝ፣ አንድ ሰው አለኝ» እያለች ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ወሬ ደርሶ ነው እንጂ ጽድቅ እንዲህ ገፍቶ አላመጣቸውም። ወለሉ በሰም ተወልውሏል፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ የጉባኤው ሦስት ሰዎች ከፊት እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ከላይ በሰገነቱ ጠርዝ ስምንቱ ሴቶች ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ሸሚዞቹን ሁሉ የሰፋቻቸው እህቷ ናት። ትኬት ቆራጯ ቀና ብላ አየቻት። እህቷ ጣሪያውን ታያለች። ቅዳሴው ተጀመረ፣ አባ «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» ሲሉ እንደ ልማዱ ከወዲህም ከወዲያም ጉርምርምታ ብጤ መለሰላቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው በዓይናቸው «ነይ» አሏት። ከወንበሯ እስከ አትሮኖሱ ያለው አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ ለእሷ ግን ከማዞሪያ እስከ ማዞሪያ ሆነባት። የእንጨቱ አትሮኖስ አፍንጫው ላይ ማይክሮፎን ተገትሮበታል። ወረቀቱን ዘረጋች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ማይክሮፎኑ ያንንም ለሕዝብ አሰማው።

«በማለዳ የተነሣን፣ እጃችን የሻከረ፤
ደክሞን ነው የመጣነው፣ አፋችን የታሰረ።»

ወጣ! ራሷም ደነገጠች። ያ ጡሩምባ የተባለ ድምፅ ግድግዳውን ነክቶ፣ ጣሪያውን ዞሮ፣ ከበሩ ውጭ ያሉ ርግቦችን አስነሥቶ ተመለሰ። አሁን የሕዝቡ ተራ ነው። «በደጅህ ቆመናል፣ ድምፃችንን ስማ» ማለት ብቻ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አባ በየወንበሩ ወረቀት አድለውታል። ጠበቀች። አንድ ሰው ሳለ። አንዲት ሴት መሬት መሬት አየች። ከጉባኤው ሰዎች አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል አለ። ፖስተኛውን ፈለገችው፤ ቃሉን አክብሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፣ አዎ፣ ግን አገጩ ደረቱ ላይ ወርዶ ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነው። አይ ሽማግሌ! ዝምታው እየረዘመ ሄደ፤ ሰው ሁሉ ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ አውቶቡሱ ግን የማይነቃነቅበት ዝምታ ሆነባት። ያን ጊዜ እጇ ተነሣ። እሷ አላዘዘችውም፣ ዘጠኝ ዓመት ያሠለጠነችው እጅ በራሱ ተነሥቶ የአትሮኖሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታው። ጓ! ጓ! ማይክሮፎኑ ተቀብሎ ነጎድጓድ አደረገው።

ፖስተኛው ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ቆመ። «ኧረ ቁሚ! ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ፣ ከዘራውን እያወዛወዘ።

የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ከኋላ አንዱን ወንድ ሳቁ አመለጠው፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። ምሰሶ ተደግፈው ሳቁ፣ እየተደጋገፉ ሳቁ፤ እዚያ ካለው ሰው ሁሉ አንድ እንኳ በአውቶቡስ ያልመጣ የለም፣ ያቺን ጓ ጓ የማያውቃት የለም። ፖስተኛው የት እንዳለ ገብቶት እንደ ልጅ ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ትኬት ቆራጯ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀና አለች፤ ከሰገነቱ እህቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፍናለች። በቃ፣ አዋረድኳት አለች በልቧ፣ አባንም አዋረድኳቸው፣ ራሴንም። ወረቀቱን አጠፈች። ልትወርድ አንድ እግሯን ስታነሣ አባ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ ነበር፣ አልደበቁትም።

«የምን ወራጅ! ዛሬ ማንም አይወርድም!» አሉ ያለ ማይክሮፎን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ እንዳትሄጂ። ስንኙን እንደገና አውጪው፤ ሁለቴ ምቺና ንጂው። እነሱ ያውቁታል።»

ወረቀቱን መልሳ ዘረጋች። ስንኙን አወጣች፣ አሁን ሳትፈራ፣ ልክ ‹ገበያ! ገበያ የሚወርድ!› እንደምትለው አድርጋ። ጨረሰች፣ ጓ ጓ አደረገች። ሕዝቡም አፉን ከፈተ፦ «በደጅህ ቆመናል፣ ድምፃችንን ስማ!» ኧረ እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ቅኝቱን የሳተ አለ፣ የቀደመ አለ፣ የዘገየ አለ፣ ፖስተኛውማ ጥፋቱን ሊክስ ብሎ ይሁን ደሙ ሞቆ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። አባ መቀመጫቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ወራት ሙሉ ‹እናንተስ?› ሲሉ ኖረው ይኸው ተመለሰላቸው። በሁለተኛው ስንኝ ሕዝቡ ጓ ጓዋን ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ከእሷ በፊት የፖስተኛው ከዘራ ወለሉን ሁለቴ መታ። ከጉባኤው ሰዎች አንዱ ጉልበቱን ሲመታ ተያዘና እጁን ኪሱ ከተተ። በመጨረሻው ስንኝ ወደ ሰገነቱ ቀና አለች። እህቷ እጇን ከፊቷ ላይ አንሥታለች፣ አፏም ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ታውጣ፣ አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ፣ ከዚያ ርቀት አይለይም።

ሲያልቅ በሩ ላይ ሰው እየተሻማ ጨበጣት። አባ ከልጁ እስከ ሽማግሌው እየተሳለሙ ደርሰው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ብዙ ሊናገሩ ፈልገው «ሐሙስ እንገናኛለን» ብቻ አሉ። «ትኬት ግን አይቀርልዎትም፣ አባ» አለቻቸው። ሳቁ። ከዚያ ስምንቱ ሴቶች ከሰገነቱ ወርደው በአጠገቧ አለፉ፤ እህቷም ከመካከላቸው አለፈች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር። የሰው ሁሉ ምስጋና ከዚያ በኋላ ለትኬት ቆራጯ ጣዕሙ ጠፋባት። ሰው መቼም አይጠግብም፤ ሕዝብ በሙሉ ዘምሮላት እሷ የፈለገችው የአንዷን አፍ ነበር።

ከቀትር በኋላ አውቶቡሱ እንደ እሑድ ልማዱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጠያቂ፣ ተጠያቂ፣ ልጅ ያዘለች፣ ዶሮ የያዘ። ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ ሾፌሩ በየፌርማታው «ጡሩምቤ፣ ከእንግዲህ በቅዳሴ ነው የምታሳፍሪን!» እያለ ያበሽቃታል። የገበያው ፌርማታ ላይ ሲደርሱ ብረቱን አንዴ መታች፣ አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ቆመው ከሚጠብቁት መካከል እህቷ አለች። ብቻዋን ናት። ትኬት ቆራጯ እንደ ወትሮዋ ዓይኗን ልታሸሽ አለች፣ እህቷም ቦርሳዋን እስክትበረብር ጠበቀች። ቦርሳው ተዘግቶ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። ደረጃውን ወጣች፣ በነጭ ሸሚዟ፣ ሰውን ይቅርታ እየጠየቀች።

«አንድ» አለች ሳንቲሟን ዘርግታ።

ትኬት ቆራጯ ቆርጣ ሰጠቻት። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ምን ይባላል? እትዬ ልበላት? ዝም ልበል? በዚህ መካከል አንድ ጎረምሳ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሥቶ ለእህቷ ለቀቀላት፤ እሷም ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ከዚያች ቀለሟ ከተላጠች ብረት ጋር ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው። ከመሃል አንድ አሮጊት «ኧረ ዘንቢሌ!» ብለው ጮኹ፤ ዘንቢላቸው ተገልብጦ ሽንኩርቱ በሰው እግር ሥር ተበትኗል። ትኬት ቆራጯ ሰውን እየገፋች ወደ መሃል ገባች፣ ጎንበስ ብላ ሽንኩርት መልቀም ጀመረች። ሰው ሁሉ ተሳፍሯል። በሩ ተዘግቷል። ሾፌሩ ሞተሩን እያጓራ ይጠብቃል። ከኋላ ጡሩምባ የሚነፉ መኪኖች ተደርድረዋል።

ጓ! ጓ!

ትኬት ቆራጯ በሁለት እጇ ሽንኩርት እንደያዘች ቀና አለች። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት፤ መሃል ናት፣ እጇ ሙሉ ነው። ፎጣውን ከአንገቱ ጎትቶ ዞረ።

«ማነው የመታው? ማን ነዎት እርስዎ?» አለ።

እህቷ መዳፏን ከብረቱ ላይ ሳታነሣ ተቀምጣለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሁለት ደንበኞቿ አሉ፤ አይታቸዋለች።

«እህቷ ነኝ!» አለች፣ እስከ ኋላ ወንበር በሚሰማ ድምፅ። «የትኬት ቆራጯ እህት ነኝ። ሰዉ ሁሉ ገብቷል፣ ምን ይጠብቃሉ? ይንዱት እንጂ!»

ሾፌሩ ነዳው።